አንደኛ የወጣው ቅጠል

አባቷ ሰውን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ጫማ ሲሰፋ ስም ይጠፋበታል እንጂ የጫማ ቁጥር ጠፍቶበት አያውቅም። ከጎናቸው የምትኖረው ባል የሞተባት ሴት «ሠላሳ ሰባት» ናት፤ የአውቶቡስ ሾፌሩ «አርባ አራት»። አንዲቱን ልጁንም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ እዚያው ተመራማሪ ከሆነች በኋላ እንኳ፣ ሲያቆላምጣት «ሠላሳ ስድስቴ» ነው የሚላት።

ሌላም ልማድ ነበረው። የሰፋውን ጫማ ደንበኛው ተጫምቶ ከበሩ እስከ መብራቱ ምሰሶ ደርሶ ካልተመለሰ አያስረክብም። «ቸኩያለሁ» ያለው እንደሆነ፣ «እንግዲያው ሲቸኩሉ እንዴት እንደሚራመዱ ያሳዩኝ» ይላል።

ስኳር በሽታ ከያዘው አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ የምትውለው ለዚሁ በሽታ መሆኑን ያውቃል፤ ምን እንደምትሠራ ግን አልገባውም። አንድ ቀን ሲጠይቃት ከመደርደሪያው ላይ ጫማ የሚወጥርበትን የእንጨት እግር፣ ፎርማውን፣ አነሣች።

«ይኼ ሆድ ውስጥ ምግቡን ወደ ስኳር የሚቆርጠው ኢንዛይም ነው እንበል። ቅርጹ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። እኔ ከዕፅዋት የተገኙ ሁለት ሺህ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ እያመጣሁ እለካለታለሁ። ልክክ ብሎ የያዘው ሥራውን ያስፈታዋል።»

«ታዲያ ጫማ ሰፊ ነኝ አትይም!»

«እሱ ነው መሰለኝ» አለች፣ እየሳቀች። «ትናንት ዝርዝሩ ወጣ። አንደኛ የሆነው አጥራችን ላይ ከሚንዠረገገው መራራ ቅጠል ነው። ከዜሮ በታች አሥር ነጥብ አራት አመጣ።»

«ከዜሮ በታች አምጥቶ አንደኛ?»

«ዝቅ ባለ ቁጥር ነው አጥብቆ የሚይዘው።»

«አይ ጊዜ! እኔን ዜሮ አመጣህ ብለው ከትምህርት ቤት አባረሩኝ፤ ልጄ ከዜሮ በታች ላመጣ ትሸልማለች!»

እናቷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም። ልትለው ያሰበችው ነገር ነበር፤ ይህ ዝርዝር ብቻ ነው፣ ከዚህ በኋላ በሙከራ ቱቦ፣ ከዚያ በእንስሳ፣ ከዚያ ደግሞ በሰው መሞከር አለበት፣ ስንት ዓመት ይፈጃል። ነገር ግን ሾፌሩ ጫማውን ሊወስድ ገባና አባቷ ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። «ሰምተሃል? ልጄ መድኃኒቱን አገኘችው!»

ሰው ፊት ስትናገር አንገቷ የሚቀላው ልጅ፣ «ኧረ ገና ነው አባዬ» አለች። ማንም አልሰማትም።

ከሁለት ወር በኋላ ምድጃው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አየች። ውስጧ ጥቁር አረንጓዴ ውሃ ነበር።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የራስሽን ሥራ ትጠይቂኛለሽ እንዴ?»

«መርፌውን ግን አላቋረጥክም አይደል?»

«ምን በወጣኝ!» ብሎ መዶሻውን አነሣ።

እሱ ወደ ሱቁ ሲወጣ ፍሪጁን ከፈተች። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። አዲስ ጀምሮ ይሆናል አለች ለራሷ። መልሳ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ነገ በደንብ አናግረዋለሁ ብላም ቆረጠች። በማግስቱ አባቷ ጎረቤታቸውን በር ላይ አስቁሞ «ሐኪሜ ይቺውልሽ» ሲል ደረሰች። ጎረቤቲቱም ጉንጯን ስማ መረቀቻት። በዚህ መሀል እንዴት ብላ ደስታውን ታፍርስበት? ነገ ሌላ ነገን እየወለደ ወራቱ ሄዱ።

የሰው ጫማ ውስጥ እጁን ከትቶ ምስማር የሚፈልግ ሰው የራሱን ጫማ ሳይዳስስ ቀረ። ከሶሉ የወጣ ምስማር ቀኝ እግሩን ስንት ቀን እንደወጋው የሚያውቅ የለም፤ እግሩ ከደነዘዘ ቆይቷል። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልወጣ ሲል ነው ሆስፒታል የወሰደችው። የስኳር መለኪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ከፍተኛ» የሚል ብቻ ጻፈ። ሐኪሙ «ኢንሱሊኑን መቼ አቆሙት?» ሲለው አባቷ ግድግዳውን አየ። እሷ ወለሉን አየች።

እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ሙከራው ተደወለ። ቅጠሉ በሙከራ ቱቦ ከእውነተኛው ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ፣ ኢንዛይሙ ምንም እንዳልነካው ሥራውን ቀጥሏል።

አባቷ ትራሱን ተደግፎ መቀመጥ በጀመረበት ቀን፣ «ሠላሳ ስድስቴ፣ ቅጠሉስ? አሁንም አንደኛ ነው?» አላት።

«ወድቋል አባዬ።»

«መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት ነው የተሞከረው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አልተሞከረም። ኮምፒውተሩ የለካው ዝም ብሎ በቆመ ቅርጽ ላይ ነው። እውነተኛው ይተጣጠፋል፣ ይንቀሳቀሳል።»

«ፎርማ ላይ ነዋ የለካሽው።»

«አዎ።»

«ሳታራምጂው» አለ ቀስ ብሎ። በድምፁ ቁጣ የለም፤ ቢኖር ይሻላት ነበር።

«ፍሪጁን ከፍቼ አይቻለሁ» አለችው። «ብልቃጡ አለመጉደሉን አይቼ ዝም አልኩህ።»

«አውቃለሁ። ብልቃጡን ፊቱን አዙረሽ ነበር የመለስሽው።» ብርድ ልብሱን ጎተት አደረገው፤ በቀኝ በኩል ጠፍጣፋ ነበር። «እኔ ደግሞ፣ የተማረች ልጅ አይታ ዝም ካለች ልክ ነው ማለት ነው ብዬ።»

እጁን ያዘች፤ የማስቲሹ ሽታ አሁንም ከጣቶቹ አልለቀቀም።

«ወረቀት አለሽ? ጻፊ» አላት። «ሠላሳ ሰባት። አርባ አራት። አርባ፣ ያ ሰፊ እግሩ። ሠላሳ ዘጠኝ፣ የጫማዋን ተረከዝ የምትጨርሰዋ።»

«ምንድን ናቸው?»

«ስኳር ያለባቸው ናቸው። ቅጠሉን አድርቄ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጥቻቸዋለሁ። ልጄ ያገኘችው ነው ብዬ።» ወደ ብርድ ልብሱ ተመለከተ። «እንዳልሄድላቸው…»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሠላሳ ሰባትን በር አንኳኳች።

«ሐኪሟ መጣች!» አለች ሴትየዋ። «አባትሽ እንዴት ዋለ? ግቢ እንጂ!»

ቤቱ መራራ መራራ ይሸት ነበር። ምድጃው ላይ አንዲት ድስት ቀስ እያለች ትፈላለች። ልጅቷ አንገቷ ሲግል ተሰማት፤ ቆማ ግን ተናገረች።

«እትዬ፣ ቅጠሉን ይድፉት። አይሠራም።»

«ምነው! አንደኛ ወጣ ሲል አልነበር እንዴ አባትሽ?»

«ኮምፒውተር ላይ ነው አንደኛ የወጣው። ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኳችሁም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «መርፌዎን ይወጋሉ?»

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ድስቷ ሰበረች።

«ፍሪጁን ልክፈተው?»

ልጅቷ ራሷ ከፈተችው። ብልቃጡን አውጥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። እስከ አንገቱ ሙሉ ነበር። ይህን ጊዜ ግን መልሳ አላስቀመጠችውም።

«ነጠላዎን ይልበሱ» አለች። «አሁኑኑ ሐኪም ጋ እንሄዳለን።»