የኤሌሜር ፈተና

ኤሌሜር ቦዲ የቡድናችን መሪ፣ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። እኔ ባስ እመታለሁ። ሚሽኮልስ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ሠላሳ ዓመት አብረን ስንሠራ ዓይኔን ከትከሻው ላይ አንስቼ አላውቅም። ትከሻው ወደሚሄድበት እከተላለሁ።

መንግሥት የምግብ ቤት ሙዚቀኛ ሁሉ ይፈተን አለ። የወደቀ ፈቃዱን ይነጠቃል፣ ጡብ ፋብሪካ ይላካል። ለቫዮሊን የታዘዘው ድርሰት «የጂፕሲ ፋንታሲያ» ይባላል። ደራሲው ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ የማያውቅ የቡዳፔስት ሰው ነው። ከእኛ ከጂፕሲ ሙዚቀኞቹ ግን ድርሰቱን የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ኤሌሜር ኖታ አያነብም። ሦስት ወር ሙሉ ከሸክላ እየሰማ አጠናው። ቀርፋፋው የመጀመሪያ ክፍል ቀለለው። መከራው መጨረሻ ላይ ያለው ፈጣኑ ክፍል ነው። እሱንም ቻለው። ጣቶቹን በዓይን መከተል ያቅተኝ ነበር።

በፈተናው ቀን ሦስት ሰዎች፣ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊዋና አንድ ሌላ ፈታኝ፣ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ኤሌሜር መድረኩ ላይ ጀመረ፤ እኔም በባስ አጀብኩት። ጥቂት ቆይቶ እግሩ እንደለመደው ወረደና የሊቀመንበሩ ጆሮ ሥር ቆመ። እኛ ምግብ ቤት ውስጥ የእንግዳ ፊት እያየን ነው የምንጫወተው።

የሊቀመንበሩ ዓይን እንባ አቀረረ።

እንግዳ እያለቀሰ ፈጣን አይነካም፤ ነውር ነው። ኤሌሜር ቀርፋፋውን ደገመው። ሰውየው መሐረብ አወጣ። ኤሌሜር ሠለሰው። ባሱን ጠንከር አድርጌ ብመታ ወደ ፈጣኑ ልገፋው እችል ነበር። አልገፋሁትም። የሰዓት ማብቂያው ደወል ተደወለ።

«ፈጣኑ ክፍልስ?» አለ ሊቀመንበሩ አፍንጫውን እየጠረገ።

«ፈጣኑማ አለ፣ ጓድ ሊቀመንበር። እያለቀሱ እንዴት ልጫወትብዎ?»

«ማን አለቀሰ? ጉንፋን ይዞኝ ነው!»

«እንግዲያው አሁን ልጫወተው።»

«ሰዓትህ አልቋል።»

«ምነው ጉንፋኑን ቀደም ብለው በነገሩኝ!»

ጸሐፊዋ ሳቋን በወረቀት ሸፈነች። ሊቀመንበሩ ጽፎ አነበበ፦ «ተፈታኙ ፈጣኑን ክፍል አያውቅም። ፈቃዱ ተሰርዟል።»

ደረጃው ላይ ኤሌሜር ክንዴን ያዘኝ።

«ፌርኮ፣ አንተ ድንጋይ፣ ለምን አልገፋኸኝም?»

«ብገፋህ ትሄድ ነበር?»

«አልሄድም። ሰድቤህ ግን ይወጣልኝ ነበር።»

«አሁንም ስደበኝ።»

ሰደበኝ፤ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ።

ሰኞ ጡብ ፋብሪካ ገባ። ለእኔ «መሪውን በሚገባ ይከተላል» ተብሎ አንደኛ ደረጃ ተሰጠኝ። ምግብ ቤቱ ፈተናውን ያለፈ አዲስ መሪ ቀጠረ። ፈጣኑን ክፍል ሾርባ ሳይቀርብ ይጀምረዋል፤ የእንግዳ ፊት አያይም። እኔም እከተለዋለሁ።