የማንኛችንን ሰማ

«አንቺስ ምኗ ነሽ?» አሏት አዲስ የገቡት ሴትዮ፣ እጇን እንደጨበጡ።

ሴትዮዋ ገና ጫማቸውን ማውለቃቸው ነው። በሩ ሥር የተቀመጠችው እሷ ስለሆነች መጀመሪያ ያገኙት እሷን ነው። ከእሷ ወዲያ፣ ግድግዳውን ተከትለው በተነጠፉት ፍራሾች ላይ፣ የሟች ታላቅ እህት፣ የአጎቷ ልጅ፣ የባሏ እህት ተቀምጠዋል። የእያንዳንዳቸው ሐዘን ስም አለው። የእሷ ግን የለውም።

«አብረን እንሠራ ነበር» አለች።

«እህ፣ የሥራ ጓደኛዋ ነሽ። ደግ አደረግሽ መምጣትሽ።»

እጇን ለቀቅ አድርገው አለፉ። ወደ ውስጥ ዘልቀው «አላህ ያጽናሽ፣ አላህ ያጽናሽ» እያሉ ሌሎቹን ሲያቅፉ ሰማች። እሷን ያጽናሽ አላሏትም። የሥራ ጓደኛ ደግሞ ምን መጽናት ያስፈልገዋል?

ሰፈሩ ረጅሟ ነው የሚላት። ሟችን እንዝርት ይሏት ነበር፤ ቀጭን ስለነበረችና አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማይሆንላት። ረጅሟና እንዝርት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ፊት ለፊት ገጥመው፣ ከወጣትነታቸው እስከ ሽበታቸው መጋረጃ ሲሰፉ ኖረዋል። አንዷ ቀና ስትል የምታየው የሌላዋን ግንባር ነበር። እንዝርት ባሏ በወጣትነቱ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ ቀርታ፣ ቀኗን የምታሳልፈው እዚያች ክፍል ውስጥ ነበር። ረጅሟም ባል የሚባል ነገር ቤቷን ሳያንኳኳ አለፈ። እንዝርት ሙስሊም፣ ረጅሟ ክርስቲያን። ይሄን ሁሉም ያውቃል።

የቀብሩ ዕለት የእንዝርትን ገላ ሊያጥቡ ሲገቡ በሩ ረጅሟ ላይ ተዘጋ። ክፋት አይደለም፤ ሥርዓቱ ነው። «አንቺ እዚህ ቆዪ» አለቻት አንዷ በለሰለሰ ድምፅ። ኮሪደሩ ላይ ቆማ የውኃውን ድምፅ ሰማች። የእንዝርት ግራ ትከሻ በስፌት ብዛት ደርቆ፣ ሰው ሲነካው ያስጮኻት ነበር። ረጅሟ «ግራ ትከሻዋን ቀስ በሉ፣ ያማታል» ልትል አፏን ከፈተችና፣ ምን እያልኩ ነው ብላ መልሳ ዘጋችው።

አሁን ከጎኗ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። ረጅም ሰው ጆሮው ሩቅ ሳይመስላቸው አልቀረም።

«ክርስቲያኗ ይቺ ናት?»

«እሷ ናት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እዚሁ ናት።»

«ሟችን ሃይማኖቷን ልታስቀይራት ትጥር ነበር አሉ።»

«ውይ። ታዲያ በምን ዓይኗ መጣች?»

ረጅሟ መሬት መሬቱን አየች። ሐሜት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ዝናብ መብራት ያጠፋበት አንድ ከሰዓት ነበር። መኪኖቹ ዝም ብለዋል። እንዝርት ያለ ሥራ መቀመጥ ስለማትችል መሬት ላይ ተንበርክካ የወዳደቀ መርፌ በማግኔት ትለቅማለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን እንዳትቀየሚኝ» አለች ቀና ሳትል።

«ምን አጠፋሽ ደግሞ?»

«ሰግጄ ስጨርስ ዱዓ አደርጋለሁ አይደል? ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንቺን እጠራለሁ። ልብሽን እንዲያበራልሽ። እንድትሰልሚ።»

ረጅሟ መቀሷን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ። አንቺን የመሰለች ሴት እሳት ትግባ? ልቤ እንቢ አለኝ።»

«እኔም» አለች ረጅሟ።

«ምን አንቺም?»

«እኔም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት። በእሱ አምነሽ እንድትድኚ።»

እንዝርት ማግኔቷን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ተያዩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

«ታዲያ የማንኛችንን ሰማ?» አለች እንዝርት ዓይኗን እየጠረገች።

«እስካሁን ዝም ካለ አስቸግረነው ይሆናላ።»

«አስተግፊሩላህ፣ እንደሱ አይባልም» አለች፤ ሳቋ ግን አላቋረጠም።

መብራት ሲመጣ ወደየመኪናቸው ተመለሱ። አንድ ጠርዝ ሰፍተው እንደጨረሱ እንዝርት፣ «እኔ ግን አላቆምም» አለች።

«እኔም አላቆምም።»

«ደግ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አንዷ ጣቷን መርፌ ሲወጋት፣ «ዛሬ ሳትጠሪኝ ቀረሽ አይደል?» ትላለች። ክርክሩም አልቀረም። ረጅሟ ልኬት ስትሳሳት እንዝርት፣ «አንዱን ሦስት እያልሽ መቁጠር ለምደሽ ነው» ትላታለች። ረጅሟም፣ «አንቺ በቀን አምስቴ እየተነሣሽ ነው ሥራው የማያልቀው» ትላለች። ይሄን ትበል እንጂ፣ እንዝርት መስገጃዋን ስታነጥፍ ረጅሟ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ ታነሣለች፤ ድምፁ እንዳይረብሻት። እስክትጨርስም እጇን አጣጥፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ሌላው ሰው ግን ነገራቸው አይጥመውም ነበር። አንድ ጊዜ መስጊዱ ሴቶቹ የሚሰግዱበትን የሚከልል መጋረጃ አዘዛቸው። ሊረከብ የመጣው ሰውዬ ሁለቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄን እሷም ሰፍታበታለች?»

እንዝርት መጋረጃውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና መቀስ አነሣች። «የእሷ ስፌት ከዚህ ወዲህ ያለው ነው። ቆርጬ ላስቀርልህ። የኔን ግማሽ ስቀሉት፤ ሴቶቹም በግማሽ ይከለሉ።» ሰውዬው መጋረጃውን ሰብስቦ በብብቱ ይዞ ወጣ።

የረጅሟ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞችም ከዚህ አልተሻሉም። እንዝርት ጉበቷን ታማ ሆስፒታል ስትተኛ አንዷ ረጅሟ ቤት ድረስ መጥታ፣ «ይሄ የመጨረሻ ዕድልሽ ነው» አለቻት። «ሳትነግሪያት ብትሞት እግዚአብሔር ከአንቺ እጅ ነው የሚጠይቃት።»

ረጅሟ ያንን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ሆስፒታል ገባች። የእንዝርት ፊት ቢጫ ሆኗል፤ ያ የማይረጋው እጇ አንሶላው ላይ ተኝቷል። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ሥራው አወራች፤ ጨርቅ ላይ እየተኛ ስለሚያስቸግራቸው ስለ ጎረቤት ድመት አወራች።

«ልትነግሪኝ መጥተሻል» አለች እንዝርት።

«ምኑን?»

«ፊትሽ ያስታውቃል። በይ ንገሪኝ። ነገ ላታገኚኝ ትችያለሽ።»

ረጅሟ አፏን ከፈተች። ያን ሁሉ ዓመት በልቧ ስትለው የኖረችው፣ ከእንቅልፏ ብትቀሰቀስ እንኳ ሳትደናቀፍ የምትለው ነገር ድንገት ጠፋት። የሚታያት የባልንጀራዋ የደረቀ ከንፈር ብቻ ነበር። ጥጥ ውኃ ነክራ አራሰችላት።

«ደክሞሻል» አለች።

«አዎ።» እንዝርት ዓይኗን ጨፈነች። «እኔም ልነግርሽ ነበር። ግን ደከመኝ። ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ።»

ከፍ አደረገችላት። በማግስቱ ስትመጣ አልጋው ተነጥፎ ባዶ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደ ለቅሶው ከመምጣቷ በፊት ቄሱን አግኝታ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ እንዝርትንም ያውቋታል፣ የቤታቸውን መጋረጃ የሰፋችው እሷ ናት። «ለእሷ መጸለይ እችላለሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ልጄ፣ በሕይወት ላለ ሰው ጸልዪ» አሏት፤ «የሄደውን ለባለቤቱ ተዪለት።» ክፉ መልስ አልነበረም። ግን ባዶ እጇን ነው የወጣችው።

ወደ ማምሻው ሰው ሲቀልል የሟች እህት ከፍራሹ ተነሡ። «አንቺ፣ እስቲ ወደዚህ» ብለው ወደ ማድ ቤት ጠሯትና በሩን መለስ አደረጉት። ከቀብሩ ጀምሮ አንዴም ቀና ብለው አላዩአትም ነበር። አሁን ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በወለደችሽ፣ እንዳትዋሺኝ።»

«ይጠይቁኝ እትዬ።»

«ሰው ብዙ ይላል። እንቅልፍ አጥቻለሁ። እህቴ በመጨረሻው ሰዓት ያንቺን ነገር ተቀብላ ነው የሞተችው?»

ያን ቀን በአልጋው ዙሪያ ከረጅሟና ከእንዝርት ሌላ ሰው አልነበረም። «እንጃ» ብትል ውሸቷን ነው የሚላት ማንም የለም። ያቺ «እንጃ» እኚህን ሴት ዕድሜ ልካቸውን እንቅልፍ ትነሣቸዋለች፤ ለእሷ ግን ምናልባት ድና ይሆናል የምትል ተስፋ ሆና ትተርፋታለች። ውሸት መሆኗን እያወቀችም ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ ሲጨልም እሷን ይዛ መኖር ትችል ነበር።

«አልተቀበለችም» አለች። «አንድም ቀን። በሃይማኖቷ እንደጸናች ነው የሄደችው።»

«ወላሂ በይኝ።»

«ወላሂ ልልዎት አልችልም እትዬ። ግን እውነቴን ነው።»

እህትየው ግድግዳውን ተደገፉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አሉና እንባቸው መጣ። ሳሎን ውስጥ ለሰው ሲያለቅሱ ከነበረው ሌላ ልቅሶ ነው፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበት። «ጀነት አገኛታለኋ» አሉ። «እኔስ መቼም አላገኛት ብዬ ነበር። አገኛታለሁ ማለት ነው።»

«አዎ» አለች ረጅሟ። «ያገኟታል።»

እህትየው በሻሻቸው ፊታቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ አዩአት።

«አንቺስ ምን ሆንሽ? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ምን ትበላቸው? እርስዎስ ያገኟታል፣ እኔስ? ትበላቸው? ብትላቸው የሚሏትን ታውቃለች፤ ነይ ወደ እኛ ነው የሚሏት፣ እሷም ብትሆን ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበራትም።

«ራሴን ትንሽ አሞኝ ነው» አለች።

እህትየው ከሳሎን ተጠሩ። ብርጭቆ አንሥተው ውኃ ቀዱና በእጇ አስያዟት። «ጠጪበት» ብለዋት ወጡ። ረጅሟ ማድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ፣ ባይጠማትም፣ ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ቆማ ጸለየች። ለታመሙት፣ ለጎረቤቶቿ፣ ለሩቅ ዘመዶቿ ለመነች። የእንዝርት ስም የሚጠራበት ላይ ስትደርስ ሳታስበው አፏ ጠራው። ከስሙ ቀጥሎ የነበረው ልመና ግን ከእንግዲህ መድረሻ የለውም። ሌላ ቃል ይመጣ እንደሆነ ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ስሟን ብቻ ደግማ ጠርታ አሜን አለች።

ከዚያ ሄዳ የሥራ ክፍላቸውን ከፈተች። የአንድ አዳራሽ መጋረጃ ጠርዙ ሳይያዝ ቀርቶ ነበር። ፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ወንበር ላለማየት አቀርቅራ ሰፋች፤ እስከ ቀትር ጨረሰችው። ቀጥሎ ማጠፍ ነው። ጨርቁ ከባድና ረጅም ነው፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ካልወጠረው እሺ አይልም። ሁለቱንም ጫፍ ራሷ ይዛ ሞከረች፤ መሃሉ መሬት ተጎተተ። ከክፍላቸው ቀጥሎ ያለ ሱቅ ውስጥ የሚሠራውን ጫማ ሻጭ ልትጠራው አሰበች። አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ቢይዝላት ምንም ማለት አልነበረም። አልጠራችውም።

ወደ እንዝርት መኪና ሄደች። ጨርቅ የሚጫነውን የመኪናውን እግር ከፍ አድርጋ የመጋረጃውን አንድ ጫፍ ከሥሩ አስገባችና መልሳ አወረደችው። ጎተት አድርጋ አየች፤ ይዟል። ሌላውን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷን ወደ መኪናው እንዳደረገች፣ ጨርቁ እስኪወጠር ድረስ ቀስ እያለች ወደ ኋላ ሄደች።