የኢዲት አማች ጀርባ

ፖሊሱ የሚለው እንዲህ ነው፦ ዴልማር ራሳቸውን ሊጎዱ ቢላ ይዘው በር የዘጉ ሴት ዘንድ ተልኮ ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ አንዴም ዞሮ አላያቸውም፤ ሲያወራ የዋለው ከውሻ ጋር ነው። ሴትየዋ፣ ኢዲት፣ ደግሞ "ልጄ ከሞተ ወዲህ እንደ ሰው ያናገረኝ እሱ ብቻ ነው" ይላሉ።

ሁለቱም አልዋሹም። ኢዲት የዴልማር አማት ናቸው። እኛ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ላኮታዎች ዘንድ አማች የአማቱን ፊት አያይም፣ በቀጥታም አያናግራትም። ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለንም። ያን ቀን የሥራ ጓደኛው እኔ አጥሩ ጋ ፖሊሶቹን አግቼ ስለነበር፣ መሃል ሆኖ ቃል የሚያቀብል ውሻው ብቻ ነበር።

"አንተ ውሻ፣ ርቧቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ" ይላል ዴልማር።

"አንተ ውሻ፣ የሱ ሾርባ ጨው እንደሌለው ንገረው" ይላሉ ከውስጥ።

ሲመሽ በሩ ገርበብ አለ፤ ቢላዋ በእግር ተገፍቶ ወጣ።

እኔና ዴልማር የተጨነቀ ሰው ዘንድ በፖሊስ ፋንታ የምንላክ ነን። ሰኞ አሠልጣኛችን ሚስ ፓውላ ከከተማ መጣች። ክፉ ሰው አይደለችም። ለሥራው መኪና ያስፈቀደችልን እሷ ናት፤ የተጨነቀን ሰው ‘ልትሞት አስበሃል?’ ብሎ ሳይፈሩ መጠየቅ ያስተማረችንም እሷው ናት። የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ ዴልማርን፣ "ፈተናውን ትደግማለህ" አለችው። "ፊት ለፊት፣ ዓይን እያየህ። ካልሆነ የሥራ ፈቃድ ካርድህን እወስዳለሁ።"

ካርድ ያለን እኔና እሱ ብቻ ነን። ሁለት ካልሆንን ጥሪው ለፖሊስ ይሄዳል። ባለፈው ክረምት የኢዲት ልጅ ሲታመም የመጡት ፖሊሶቹ ነበሩ። በረዶ ላይ በሆዱ አስተኝተው አሰሩት። ከእስር ቤት የወጣው ሬሳው ነው።

"አማቱ ናቸው እኮ!" አልኳት።

"ባህላችሁን አከብራለሁ፣ ቨርጂል። ሰው ሊሞት ሲል ግን ባህል ይቆይ።"

"ያተረፋቸው እሱ ነው!"

"በዕድል። ውሻ ባይኖርስ?"

ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። የዴልማር አክስት ሉሲል ግን ከኋላ፣ "ለውሻው ካርድ ስጡትና እንገላገል!" አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሚስ ፓውላ አልሳቀችም። ሁለት ወንበሮች ፊት ለፊት አስቀመጠችና ጥግ ላይ የተቀመጡትን ኢዲትን፣ "እርስዎ ቢረዱንስ? ያን ቀን የነበሩት እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። ደግ የሠራች መስሏታል።

ሳቁ ቀጥ አለ። ኢዲት ሻርፓቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ዴልማር የቅርጫት ኳስ ፕሮግራም ወደተለጠፈበት ግድግዳ ዞረ፤ ጆሮው ደም መስሏል።

እስከዚያ ድረስ ታግሼ ነበር። አንዱን ወንበር በእርግጫ ገለበጥኩት። "ልጃቸውን ገድላችሁባቸው፣ አሁን ደግሞ ክብራቸውን ልትገፍፉ ነው?"

"እኔ ማንንም አልገደልኩም" አለች ሚስ ፓውላ፤ ድምጿ ተሰበረ። ልክ ናት፤ እሷ አልገደለችም። ንዴቴ ግን አልበረደም።

ዴልማር ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ፣ ሳይዞር፣ በእጁ ወደ ኋላ ዘረጋልኝ።

"ቨርጂል፣ ለአማቴ ንገርልኝ" አለ ጮክ ብሎ፣ ለግድግዳው። "ካርዱን መልሻለሁ። ፈተናውን አልቀመጥም። ሲጨንቃቸው ግን ለማንም ቢደወል፣ ከፖሊስ ቀድሜ ደረጃቸው ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ።"