ጨነቅ ላይ የተደረገው ዕረፍት

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ እናናዬ የምትባል የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበረች። ተራቁቶ የቀረውን ጋራ በሴቶች ጉልበት እርከን አሠርታ ችግኝ አስተከለች፤ ችግኙም ስለጸደቀላት ስሟ ጎንደር ድረስ ተሰማ። አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ ጓድ ያርጋል በራፏ ድረስ መጣና፣

«ጓዲት እናናዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ማልታ ሄደው አንድ ሳምንት እንዲያርፉ ተመርጠዋል» አላት።

እናናዬ ክው አለች። በእሷ አገር «ዐረፈ» የሚባለው የሞተ ሰው ነው።

«ምን አጠፋሁ ጓድ?»

«የለም፣ የለም! መዝናናት ማለቴ ነው። ማልታ በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ያለች ደሴት ናት። የጋበዘዎት የዚያ አገር የሴቶች ማኅበር ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ መመለስ ነው።»

«ሥራውስ?»

«ሥራ የለም።»

«ታዲያ ለዚህ እኔን ምን አስመረጠኝ? ደባርቅ ውስጥ ሰነፍ ጠፍቶ ነው?»

ባሏ መሪጌታ ተክለ ማርያም ግን የደሴቲቱን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «መላጥያ ናታ! የጳውሎስ መርከብ የተሰበረባት!» ብለው ግብረ ሐዋርያትን ገለጡ። ከዚያ ወዲያ ስንቁም ልብሱም በመጽሐፉ ቃል ተሰናዳ። ዝናብና ብርድ እንዳለ ተጽፏል፤ በርኖስ ተፈለገ። የአገሩ ሰው እሳት አንድዶ እንግዳ እንደሚቀበል ተጽፏል፤ ይህ መልካም ነው። ከጭራሮው መካከል እፉኝት ወጥታ የሐዋርያውን እጅ እንደያዘች ተጽፏል። እዚህ ላይ መሪጌታ ንባባቸውን አቋረጡ።

«ጭራሮ እንዳትነኪ። እነሱ ይልቀሙ፤ አንቺ እንግዳ ነሽ።»

የደሴቲቱ አለቃ አባትም በተቅማጥ ታመው ነበርና ፌጦ ቋጠሩላት።

«ይህ ከሆነ እኮ ስንት ዘመኑ ነው፣ መሪጌታ።»

«ተቅማጥ ዘመን አይቆጥርም፤ ያዢው» አሏት።

ጓድ ያርጋልን ደግሞ ሌላ ጭንቀት ያዘው። ከደባርቅ እስከ ዳባት ቢጠይቅ፣ ዕረፍት ወጥቶ የሚያውቅ ሰው አጣ። እናናዬ በሰው አገር ማረፍ ቢያቅታት አብዮቱ መሳቂያ ሊሆን ነው። ስለዚህ ስብሰባ ጠርቶ ልምምድ እንዲደረግ አስወሰነ። ባሕር ስለሌለ ከተራራው አናት ያለው፣ ከሥሩ ጉም የሚተኛበት የጨነቅ ገደል ተመረጠ።

እናናዬ፣ መሪጌታ፣ ጓድ ያርጋልና ሁለት ሚሊሻዎች በበቅሎ ወጥተው፣ መንገድ አድረው ጨነቅ ደረሱ። ጓድ ያርጋል ከገደሉ አፋፍ ላይ አንሶላ አስነጠፈና ከታች የተኛውን ጉም እያሳየ፣ «ባሕሩ ያውና! አሁን ይረፉ!» አለ።

እናናዬ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ጣትዎን አያንቀሳቅሱ!» አላት። ጣቷ ሳይታወቃት እንዝርት እንደሚያሾር ይንቀሳቀስ ነበር።

«እሺ።»

«ፈገግ ይበሉ።»

«በምን?»

«በባሕሩ!»

«ጓድ፣ ባሕሩ እኮ እየሄደ ነው።»

እውነትም ነፋስ ተነሥቶ ጉሙን ጠራርጎ ወሰደው። ጓድ ያርጋል ሲጮህ ሚሊሻዎቹ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ፤ በማን ላይ እንደሚተኩሱ ግን አላወቁም። በዚህ መካከል የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መጥቶ በዙሪያቸው ተቀመጠ። አንዱ ሣር ይነጫል፣ ሌላው በጀርባው ተንጋሎ ቅማሉን ያስለቅማል።

«እንዲህ ነው!» አለ ጓድ ያርጋል ተስፋ እንደ ቆረጠ አስተማሪ። «እነሱን ይመልከቱ!»

እናናዬን ሳቅ አፈናት፤ ከዚያም አመለጣት። መሪጌታም በጋቢያቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ። ሳቁ ሲያደክማት ሰው አየኝ ሳትል ትከሻቸው ላይ ደገፍ አለች፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ከተዳረች ጀምሮ በጠራራ ፀሐይ ተኝታ አታውቅም ነበር።

«ዝም በሉ፣ እያረፈች ነው!» ብሎ ጓድ ያርጋል ሚሊሻዎቹን በሹክሹክታ ገሠጻቸው።

ደባርቅ ሲመለሱ ከደስታው ብዛት ስልክ ደውሎ፣ «ዕረፍቱ በተሳካ ሁኔታ ተካሂዷል!» ሲል ለበላዮቹ አስታወቀ። «ልምምድ» የሚለውን ቃል ዘንግቶት ኖሯል። ከላይ የመጣውም መልስ አጭር ነበር፦ ካረፈች ደግማ ማረፍ አያሻትም፤ ዕድሉ ለሌላ ወረዳ ተሰጥቷል።

ጓድ ያርጋል አንገቱን ደፍቶ ሊነግራት መጣ። እንባው ቀርቦ ነበር።

«ይተዉት፣ ጓድ» አለችው። «መርከብ ከመሰበር በቅሎ ይሻላል።»

በዓመቱ መስከረም ሲጠባ እናናዬና መሪጌታ «ደረስጌ ሄደን ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ብለው፣ ከስንቃቸው ጋር አንሶላ ጠቅልለው በቅሏቸውን ጭነው ወጡ። ከቀናት በኋላ ፊታቸው በፀሐይ ጠቁሮ፣ እየተሳሳቁ ተመለሱ። ደረስጌ ግን አልደረሱም።