ሙጫውን የጠላ ቆዳ

ባሌ ይስማው በኮኪት እርሻዎች ሃያ ዓመት ትራክተር ነድቷል። እዚያ ማጭድ ጣት ሲቆርጥ፣ ተረከዝ ሲሰነጠቅ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም፤ ሱፐር ግሉ የሚባለው ሙጫ ጠብ ይደረግበታል፣ እፍ ይባልበታል፣ ከዚያ ወደ ሥራ ነው። ለዚህ ነገር ዋናው ሐኪም ይስማው ነበር። ስንቱን የሰሊጥ አጫጅ ለጥፏል። የራሱማ መዳፍ ከቆዳው ሙጫው ይበዛ ነበር።

ግራ ጉልበቱ አልቆ ጎንደር ላይ በብረት ተተካለት። ቁስሉን የዘጉት በክር ሳይሆን በቆዳ ሙጫ ነው። ይህን ሲሰማ ሳቁ አልቆም አለ። «አየሽ፣ ዶክተሮቹም ከእኛ ተማሩ» አለኝ። ለክረምቱ እርሻ ትራክተሩ ላይ ልመለስ ነው እያለ ቀን ይቆጥር ነበር፤ እኔም አብሬው እቆጥር ነበር።

ኮኪት ተመልሰን በገባን በአሥረኛው ቀን የቁስሉ ዙሪያ ቀላ፤ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እስከ ጭኑ ወጣ። ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳው። መንገዱ በተኩስ ተዘግቶ ስለነበር ጎንደር መመለስ አልቻልንም። የጤና ጣቢያዋን ነርስ ማናዬን ጠራኋት።

«ጋሼ ይስማው፣ ይኼ መግል አይደለም» አለችው። «ቆዳዎ ሙጫውን ጠልቶት ነው። ስንት ዓመት ሲነካኩት ኖረው አሁን ተቆጣ። የዶክተሮቹም ሙጫ የዚያው የሱፐር ግሉ ዘመድ ነው።» የሚቀባ መድኃኒት ሰጠችንና ሌላ ነገር እንዳይነካው አስጠነቀቀች።

እንደወጣች ይስማው ተቆጣ። «ሃያ ዓመት እጄን የገጠመ ሙጫ ዛሬ ይጠላኛል? ምኑን ታውቃለች!»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባል የለ። በሦስተኛው ቀን ሲያክከው ሙጫው ተላጠና ቁስሉ ጫፉ ላይ ተከፈተ። ይስማው ከኪሱ ሱፐር ግሉውን አውጥቶ ሰጠኝ። ጎንበስ ማለት አይችልም።

«ግጠሚልኝ።»

«ማናዬን ልጥራት?»

«መጥታ ምን ልትሠራ? ቁስል ክፍቱን ያድራል እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም አመንሁት። በዚህ ነገር ስንት እጅ ሲድን አይቻለሁ። በሁለት ጣቴ ገጠምሁት፣ ጠብ አደረግሁበት፣ እፍ አልሁበት።

ከላይ ጥርቅም አለ፤ ከሥር ግን መግል ቋጠረ፤ መውጫም አጣ። በሳምንቱ ጉልበቱ አብጦ እንደ እሳት ነደደ። መንገዱ ተከፍቶ ጎንደር ስንደርስ በትኩሳት ይቃዥ ነበር።

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የይስማው ትኩሳት ሲበርድ አልጋው ጠርዝ ተቀምጦ ነገረው።

«ጀርሙ ብረቱ ጋ ደርሷል። ብረቱ ይወጣል፤ አጥንቱ ስለተበላ ሌላ ማስገባት አንችልም። እግርዎ ከእንግዲህ አይታጠፍም።»

ማርሽ ሲቀየር የትራክተሩ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ይስማው ሁሉም ገብቶታል።

«ይህን ሙጫ ማን ነው ያደረገበት?» አለ ዶክተሩ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ።

«እኔ ራሴ ነኝ» አለ ይስማው። «እሷ ነርሷን ልጥራ ብትለኝ ከለከልኋት።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ይስማው በብርድ ልብሱ ሥር እጄን ይዞ ጨመቀኝ። ዶክተሩ «በሽተኛው ራሱ» ብሎ ጻፈ፤ እኔም እስካሁን ዝም እንዳልሁ ነኝ።