ኦስናት የጀመረችው ካርድ

ኦስናት እስራኤል ውስጥ ውትድርናዋን ጨርሳ ጃፓን ለመሄድ ስትዘጋጅ መኪና ገጭቶ ገደላት። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ እናቷ ይርጋለም መሳቢያዋን ስትከፍት፣ ለጓደኛዋ ለዴቦራ ሠርግ የጀመረችውን ካርድ አገኘች። ኪሞኖ የለበሰች የወረቀት ሴት ባበበ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ቀኝ እጇ ግን ገና አልተገጠመም።

ሠርጉ ደርሶ ነበርና ይርጋለም ልትጨርሰው ተቀመጠች። እጁን ከትከሻው ጋር በክር አያያዘችው። ከካርዱ ግርጌ እንደ ምላስ የወጣችውን ወረቀት ስትስብ ሴትዮዋ እጇን አንሥታ አውለበለበች። ይርጋለም እንባዋን ጠርጋ ካርዱን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አቆመችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ እጁ ተነሣ።

«ታዬ! አየኸው?» አለች ባሏን።

«የማዝጋኑ ንፋስ ነው» አለና የአየር ማቀዝቀዣውን አጠፋ፤ መስኮቱንም ዘጋ።

ቤቱ ጭር አለ። እጁ ቀስ ብሎ እንደገና ተነሣ።

ታዬ በቀብሯ ቀን እንኳ ያላለቀሰ ሰው ነው። አሁን ግን «ልጄ፣ ምን ጎደለሽ?» እያለ ተንሰቀሰቀ።

«እባክሽ፣ ካርዱ እዚሁ ይቅር» አለ በመጨረሻ።

ይርጋለምም ልቧ ያንኑ ይመኝ ነበር። ቢሆንም «የሰው ነው፤ ለዴቦራ ብላ ነው የሠራችው» አለችው።

በሠርጉ ማታ ዴቦራ ካርዱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

ባልና ሚስቱ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሮቫ ዳሌት ሲመለሱ ታዬ ቁልፉን ይዞ በራቸው ላይ ቆመ።

«ክፈተው እንጂ» አለችው።

«ኦስናት ውስጥ ብትኖርስ?» አለ።

«ባትኖርስ?» አለች ይርጋለም።