ለኢንሹራንስ የተጀመረ ፍቺ

ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው ስል ሴቶች አስተማሪ እመስላቸዋለሁ። እኔም አላርማቸውም። ትምህርትን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው የተሰናበትኩት፤ ግቢው ውስጥ ሣር አጭዳለሁ፣ ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ክረምት ሲመጣ በረዶው ላይ ጨው እበትናለሁ። ዴዊ እባላለሁ።

በዚያ ዓመት የሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ዞረ። ምዝገባው ኅዳር ላይ ለሁለት ሳምንት ይከፈታል። በዚያች ሁለት ሳምንት የሚቀጥለውን ዓመት መታከሚያህን ትመርጣለህ፤ ከተዘጋ ተዘጋ፣ ዓመት ትጠብቃለህ። የኛ ሰዎች ደግሞ ዝም ብለው ከርመው የመጨረሻዋ ዓርብ ላይ ነው የሚነቁት። ያቺ ዓርብ የአጋዘን አደን ዋዜማ ናት። የሁሉም ልብ ጫካ ገብቷል፣ የሁሉም ጠመንጃ መኪናው ውስጥ ነው። ስለዚህ ዕቃ ቤት ያለችው አንዲት ኮምፒውተር ላይ እኔ ተጎልቼ ሁሉንም በተራ መዘገብኩ። ዋጋዬ በሰው አንድ ዶናት።

ትንሽ ተንኮልም ነበረበት፣ አልዋሽም። «ስትሞት የሕይወት ኢንሹራንስህን ማን ይውሰድ?» ብሎ ማሽኑ አብሮኝ የሚሠራውን በክን ሲጠይቀው የውሻውን ስም ጻፍኩለት። በኋላ ደብዳቤው ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ አንብባ ለሦስት ቀን ሶፋ ላይ አስተኛችው።

የዴልበርት ተራ ደረሰ። ዴልበርት ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሠላሳውን እዚያው ግቢ ውስጥ ነው የጨረሰው። ኢንሹራንሱን ነክቶት አያውቅም። ካልነካኸው የአምናው ራሱ ይቀጥላል። ያን ዓመት ግን ሚስቱን ሚስ ኦፓልን ልባቸውን አሟቸዋል። የልባቸው መዝጊያ ላልቷል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አሉ። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው የከተማው ዶክተር የአምናውን ኢንሹራንስ አይቀበልም፤ አዲሱን ይቀበላል። ቀጠሮው ለጥር ተይዟል።

«ልጄ፣ ኦፓልን የሚያያት ዶክተር ያለበትን ነው የምፈልገው» አለኝ፣ ኮፍያውን እጁ ላይ እያዞረ።

«ሁለተኛው ነው፣ ሽማግሌው። አለቀ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አንተ ስትተኩስ እርግጠኛ ነህ? አምና አጋዘን ብለህ የሰው ላም ላይ ተኮስክ አሉ።»

«ስቻታለሁ እኮ!» አለ ዴልበርት።

«እሱ ነው የሚያሳፍረው!» አለ በክ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እየሳቅን ነው የነካካሁት። ማሽኑ ኢንሹራንስ ስትቀይር «አብሮህ የሚገባ ማን ነው?» ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቃል። የሚስ ኦፓል ስም እዚያው አለ፤ አጠገቡ ባዶ ሳጥን አለች። እሷን ራይት ማድረግ ነበረብኝ። በክ ወንበሬን በእግሩ እየነቀነቀ «ቶሎ በል፣ ሊጨልምብን ነው!» ይለኛል። «ጨረስኩ!» አልኩና ዶናቴን ገመጥኩ።

ከሳምንት በኋላ ዴልበርት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ስህተት ካለ በአሥር ቀን አሳውቁ የሚል ነው። መነጽሩን ቤት ረስቷል።

«አንብብልኝ» አለ።

«እኔው መዝግቤህ ምን አነብልሃለሁ?» አልኩት። ተቀበልኩትና ዕቃ ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። እሱም ሳቀ።

ጥር ላይ ሚስ ኦፓል አዲስ የሌሊት ልብስ ገዝተው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። «ስምዎ የለም» ተባሉ። ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ።

በማግስቱ ከዴልበርት ጋር የዩኒቨርሲቲው ጥቅማጥቅም ቢሮ ሄድን። ሚስ ጃኒስ የምትባል ሴት ናት ያለችው፤ ክፉ አይደለችም። ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች።

«ሚስትህን አላስገባሃትም፣ ዴልበርት።»

ዴልበርት ወደ እኔ ዞረ።

«ማሽኑ ነው የጣላቸው» አልኩ። «አዲስ ማሽን እኮ ነው።»

ሚስ ጃኒስ አየችኝና ወረቀት አወጣች። አቤቱታ ጻፈችልን፤ በሳምንቱ «ጊዜው አልፏል» ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ኢንሹራንስ ብንል፣ ቀድሞ የታመመ ሰው የሚቀበል አልተገኘም። ሆስፒታሉ ያለ ኢንሹራንስ ቢላ አያነሳም። ዶክተሩ ደግሞ ለዴልበርት ለብቻው «እስከ ኅዳር አይቆዩልህም» ብሎታል።

«በመሐል የሚገባ ሰው ጭራሽ የለም?» አልኳት ሚስ ጃኒስን።

«ልጅ የወለደ አለ። ሚስት ያገባም፣ ባገባ በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስገባት ይችላል።»

መኪናው ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን፣ «ፍታቸውና መልሰህ አግባቸው» አልኩት።

ዴልበርት ዳር ይዞ አቆመ። ቡጢ ሊያቀምሰኝ ነው ብዬ በሩን ያዝኩ። እሱ ግን መሪውን ይዞ መንገዱን አየ።

«ለሷ አንተ ንገራት» አለኝ።

ነገርኳቸው። ሚስ ኦፓል እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አርባ አንድ ዓመት ስጠብቀው የነበረ ዕድል! የት ነው የሚፈረመው?»

«ኦፓል፣ ቀልድ አይደለም» አለ ዴልበርት።

«ማን ቀለደ? ብቻ ስትመለስ ተንበርክከህ ነው የምትጠይቀኝ። ያኔ እጅህ ግራሶ በግራሶ ሆኖ፣ ቆመህ ነው የጠየቅከኝ። ደግሞ እሺ እላለሁ ብለህ አትተማመን፣ ጠያቂ ሊበዛብኝ ይችላል።»

ፍርድ ቤት ሄደን ስንጠይቅ ሕጉ ስድሳ ቀን ተለያይታችሁ ኑሩ ይላል። ያገኘነው ጠበቃ ጥሩ ሰው ነበር፤ «አንድ ጣሪያ ሥር ብትሆኑም አልጋ መለየት ይበቃል፤ ዝም ብለህ ፈርም» አለው።

«አልጋ ሳልለይ ለይቻለሁ ብዬ?»

«ማን ገብቶ ያያል?»

«እጄን አንስቼ ልምል አይደል? ውሸት አልምልም» አለ ዴልበርት። «እዚያ ቤት ከተኛሁ አልጋው አንድ ነው። ራሴን አውቀዋለሁ።»

እኔ በዚያች ሰዓት ስንት ውሸት ሆዴ ውስጥ እንዳለ እያሰብኩ ጫማዬን አየሁ።

እኔ ያለሁባት ተጎታች ቤት መጣ። ሶፋዬ ላይ ተኛ። ሲያንኮራፋ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ብርድ ልብሱን እንደ ወታደር አጣጥፎ ያስቀምጣል፤ የኔንም ያጣጥፋል። «ስንት ቀረ?» ይለኛል፣ ከኔ የተሻለ እያወቀው።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ በሱ መኪና ወደ ቤቱ እንሄዳለን። አይገባም። መንገድ ዳር ያቆምና መስኮቱን ያወርዳል። ሚስ ኦፓል ካፖርታቸውን ደርበው በረንዳቸው ላይ ይወጣሉ። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ በዕቃ አድርገው አጥሩ ላይ አስቀምጠውልን ይጠብቃሉ።

«እንዴት አደርሽ፣ አንቺ ሴት?»

«ማነህ አንተ? የማላውቀው ወንድ አላናግርም!»

«ሃያ ስድስት ቀን ቀረኝ።»

«ዴዊ፣ ይሄ ሰውዬ ልብሱን ያጥባል?»

«እኔ ነኝ የማጥብለት፣ ሚስ ኦፓል!»

«ውሸታም!» ይላሉ እየሳቁ። ከዚያ የበረንዳውን ምሰሶ ይዘው ትንሽ ያርፋሉ። ዴልበርት ያኔ መሪውን በሁለት እጁ ጭምቅ ያደርገዋል። ለመውረድ በሩን ነክቶ የሚተውበት ቀን ነበር።

እየቆየ ማረፋቸው በዛ። በየካቲት መጨረሻ ወንበር አውጥተው ቁጭ ብለው ነበር የሚያወሩን። «ልግባ፣ ይቅር» አላቸው ዴልበርት አንድ ቀን። «ትገባና ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል» አሉት። «ሂድ፣ ሥራ አለህ።»

አርባ አራተኛው ቀን ላይ ወንበሩ ባዶ ነበር። አጥሩ ላይም ምንም የለም።

ዴልበርት ክላክስ አደረገ። ጠበቀ። ደግሞ አደረገ።

«ተኝታ ይሆናል» አለ።

«ልግባ እኔ?»

«ቆይ። ካፖርት እየለበሰች ይሆናል።»

የመኪናው ሰዓት ላይ ስድስት ደቂቃ ቆጠርኩ። ከዚያ ዴልበርት የመኪናውን በር ሳይዘጋ ሮጠ። የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው አጥሩን ዘለለው።

ሚስ ኦፓል ወጥ ቤት መሬት ላይ ነበሩ። ባቄላው ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፏል፣ ምድጃው አልተለኮሰም። የአምቡላንሱ ሰዎች ሕይወታቸው ያለፈው ጠዋት ነው አሉ። ዴልበርት ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ «ብቻዋን» አለ። ሌላ ነገር አላለም፤ ያንኑ ብቻ ደጋገመው።

ቀብር ላይ የግቢው ሰው ሁሉ ንጹሕ ኮፍያ አድርጎ መጣ። ሚስ ጃኒስም መጣች፤ ኋላ ቆማ አለቀሰች። ዴልበርት ከቀብር በኋላም እኔው ጋ መጥቶ ሶፋው ላይ ተኛ። እዚያ ቤት መግባት አቃተው። እኔም የልቤን ልነግረው በየቀኑ አፌን እከፍትና ስለ ጨው፣ ስለ በረዶ አወራለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት «ፍርድ ቤት ውሰደኝ፣ ዛሬ አንተ ንዳ» አለኝ። የሱን መኪና እየነዳሁ ወሰድኩት። መስኮቱ ጋ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ነበረች።

«የፍቺ ፋይል አለኝ። እንዲዘጋ ነው የመጣሁት።»

«ታረቃችሁ?» አለች ፈገግ ብላ።

«ሞተች።»

ፈገግታዋ ጠፋ። «ይቅርታ፣ አባባ። እሱ ግን በራሱ ይዘጋል። መምጣትም አልነበረብዎትም።»

«በራሱ አይዘጋም። አንቺ ዝጊው። ወረቀትም ስጪኝ።»

«ምን የሚል ወረቀት?»

«ስትሞት ሚስቴ ነበረች የሚል።»

ልጅቷ ወደ ኋላዋ ወደ አለቃዋ ዞር አለች፣ ከዚያ ተወችና ራሷ ጻፈች። ማኅተም መታችበት። ዴልበርት መነጽሩን አውጥቶ፣ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል አነበበ። እኔ አጠገቡ ነኝ።

«ማሽኑ አይደለም» አልኩት።

አላየኝም።

«እኔ ነኝ። ሳጥኗን ራይት አላደረግኳትም። እየሳቅኩ ነበር። ደብዳቤውንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አርፌ ባነበው ኖሮ…»

ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና የኪሱን አዝራር ቆለፈ።

«ዴዊ» አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ዛሬ ይሄን ልሰማህ አልችልም።»

«እሺ።»

«ነገም አልችል ይሆናል።»

«እሺ።»

እጁን ዘረጋ። የመኪናውን ቁልፍ ሰጠሁት። ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ፣ ግን ቶሎ አልሄደም፤ ወደፊት እያየ ቆመ። እኔም ደረጃው ላይ ቆምኩ። ልሳፈር አልሳፈር ስል መኪናው ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

በእግሬ ነው የሄድኩት። ስደርስ ሶፋው ላይ ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል። ከበሩ ሥር ቦት ጫማው የለም። የኔንም ብርድ ልብስ አጣጥፎልኝ ነው የሄደው።